ሞልቶ ሲሰነብት፣ ባዶ ሲቆም፦ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ለጠየቃችሁን መልስ

የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ጥያቄዎች መልካቸው ተለውጧል። ከሁሉ የሚበዛው የባትሪ ጉዳይ ነው፤ «ስንት ዓመት ይቆያል? ምን ያደክመዋል?» የሚል። ለዛሬ ከመሀል ከተማ ከደረሱን መካከል ብዙ ሰው የሚጋራቸውን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ካዛንቺስ ነው። የቻይናውን ቢዋይዲ ሲጋል መኪና ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው «ሁልጊዜ 100 ሙላው» አለኝ። የፎልክስዋገኑን አይዲ 4 የሚነዳው ጎረቤቴ ደግሞ «ከ80 ፐርሰንት ካሳለፍከው ባትሪህን በላኸው» ይለኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ስለ ሁለት የተለያዩ ባትሪዎች ነው የሚያወሩት። የእርስዎ ሲጋል የያዘው «ብሌድ» የሚባለውን ባትሪ ነው፤ ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው፣ ከሊቲየም፣ ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራ። በሙያው ኤልኤፍፒ ይባላል። የጎረቤትዎ አይዲ 4 ግን አብዛኛውን ጊዜ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ኤንኤምሲ ነው። የአንዱን ደንብ ለሌላው ማድረግ ነው ጣጣው።

ባትሪ በሁለት መንገድ ያረጃል፤ በመሥራትና ዝም ብሎ በመቆም። ሲሠራ ያለው እርጅና በየሙላቱና በየፍጆታው ጥቂት በጥቂት የሚመጣ ነው። ቆሞ ማርጀት ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ባትሪው ሴል ከሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ በሴሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ፣ ሲሞላ ሊቲየሙ ከሚገባበት ግራፋይት ጋር ቀስ እያለ ይዋሀድና በግራፋይቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር የሚይዘው ሊቲየም ወደ ሥራ አይመለስም፤ ባትሪው «ደከመ» የምንለው በዋናነት ይህንን ነው። ይህን ሂደት የሚያፋጥኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀትና ከፍተኛ ቮልት። አንድ የኤንኤምሲ ሴል ሲሞላ ወደ 4.2 ቮልት ይደርሳል፣ 80 ላይ ሲቆም ግን ወደ 4 ቮልት ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጎረቤትዎ ለዕለት ተዕለት መንገድ 80 ላይ ማቆማቸው ትክክል ነው። 100 መሙላት የሚገባቸው ሩቅ መንገድ ሲወጡ ብቻ ነው፤ ያውም ሞልቶ ሳያድር ሊነሱ ሲሉ።

የእርስዎ ኤልኤፍፒ ቻርጅ ሲያልቅ የሚደርሰው 3.65 ቮልት ነው፤ ሲያርፍ ከዚያም ይወርዳል። በመሙላቱ የሚደርስበት ጫና ከኤንኤምሲው ያነሰ ነው። ሌላ ችግር ግን አለበት። ከ20 እስከ 80 ፐርሰንት ድረስ ቮልቱ ከ3.2 እስከ 3.3 አካባቢ ተኝቶ ይቆያል። ቢኤምኤስ የሚባለው የባትሪው ተቆጣጣሪ ኮምፒውተር መጠኑን ከቮልቱ ማንበብ ስለማይችል የገባውንና የወጣውን እየደመረና እየቀነሰ ይገምታል፤ ግምቱም በጊዜ ብዛት ይዛባል። ለወራት 100 ነክቶ የማያውቅ ኤልኤፍፒ መኪና 15 ፐርሰንት እያሳየ መንገድ ላይ ቀጥ ሊል የሚችለው ለዚህ ነው። ሲሞላ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ያስተካክላል፤ ወደ ኋላ የቀሩ ሴሎችንም ከቀሩት ጋር ያመጣጥናል። ቴስላም ለኤልኤፍፒ መኪኖቹ ቢያንስ በሳምንት አንዴ 100 እንዲሞሉ ይመክራል። ለእርስዎም የምንለው ይህንኑ ነው፤ በሳምንት አንድ ሌሊት 100 ይሙሉ፣ ጠዋት ይንዱት። በቀሩት ቀናት 70 ወይም 80 ይበቃል። «ሁልጊዜ 100» ያለው ሻጭ የዘለለው ኤልኤፍፒም ቢሆን ሞልቶ ለቀናት ሲቆም ማርጀቱን ነው። ቅዳሜ ሞልተው እስከ ሐሙስ ግቢ ውስጥ አያቁሙት።

መኪናዎ ላይ የመጠን ገደብ ማበጃ ከሌለ በሰዓት ያስሉት። ትልቁ የሲጋል ባትሪ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከ40 ወደ 80 ለማድረስ 15.5 ገደማ ያስፈልጋል። በ10 አምፔር ከሶኬት 2.2 ኪሎዋት ይወጣል፤ ባክኖ የሚቀረውን ስንቀንስ ባትሪው ውስጥ የሚገባው 1.9 ቢሆን ስምንት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። የመኪናው የሰዓት መርሐ ግብር ላይ ይህንን ሞልቶ መተኛት ነው።

የመኪናቸውን ባትሪ ዓይነት ለማያውቁም እንጨምር። ሞዴሉ አንድ ሆኖ ባትሪው የተለያየ ሊሆን ስለሚችል በስም ብቻ አይወስኑ። የቻይንኛውን ሰነድ ወይም መኪናው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክ መተርጎሚያ ያስነብቡ። «ሊን ሱዋን ቲዬ ሊ» ተብሎ ከተነበበ ኤልኤፍፒ ነው፤ «ሳን ዩዋን ሊ» ካለ ኤንኤምሲ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ፣ የድሮ ቤት ነው ያለን። ቻርጀሩን ስንሰካው ቀይ መብራት እያበራ እምቢ አለ። የመጣው ኤሌክትሪሺያን ሶኬቱ ውስጥ የግራውንዱን ቦታ ከኒውትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘውና መሥራት ጀመረ። ሶኬቱ ግን ሌሊት በጣም ይግላል። ለባትሪው ጉዳት አለው?

መልስ፦ ባትሪውን ለጊዜው ይተዉትና ያንን አጭር ሽቦ ዛሬውኑ ያስነቅሉ። ቻርጀሩ እምቢ ያለው ቤቱ ግራውንድ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ ስለሌለው ነው፤ ሥራው ነው ያደረገው። ግራውንዱ ከኒውትራል (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር ሶኬት ላይ ከተገናኘና ኒውትራሉ በማናቸውም ቦታ ከተበጠሰ ወይም ከላላ፣ 220 ቮልት በዚያው ሽቦ ተመልሶ የመኪናው አካል ላይ ይመጣል። በክረምት፣ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የሚነካ ሰው ይሞታል። ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ፣ ፌዙ፣ ከኒውትራሉ ጋር ተገላብጦ ከተሠራማ መበጠስም አያስፈልግም። የመሀል ከተማ ያረጁ ግቢዎች ውስጥ ይህ «መፍትሔ» ተደጋግሞ ስለሚያጋጥም ነው አጥብቀን የምንናገረው።

ትክክለኛው ሥራ እንዲህ ነው። በመዳብ የተለበጠ፣ ቢያንስ 1.5 ሜትር የሆነ ዘንግ እርጥበት የማይለየው መሬት ውስጥ ይተከላል። በግራውንድ መለኪያ ተለክቶ ከ10 ኦም በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ካልወረደ ሁለተኛ ዘንግ ከመጀመሪያው ቢያንስ በዘንጉ ቁመት ያህል ርቆ ይጨመራል። ከማከፋፈያ ሳጥኑ ለመኪናው ብቻ የሚሆን መስመር ይወጣል፤ ምድጃም ፍሪጅም አይጋራውም። በመስመሩ ላይ ብሬከርና በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ ይገጠማል። የመከላከያውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ አንዴ ይጫኑት፤ ካልቆረጠ ይቀየር።

ሶኬቱ የሚግልበትን ምክንያት በቁጥር ቢያዩት ይገባዎታል። የላላ ወይም የዛገ መገናኛ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖረው፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት 25 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ያውም ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ፣ ለስምንትና ለአስር ሰዓት። ተራ ሶኬት ለካውያ የተሠራ ነው፤ ካውያ ግን ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም። አምፔሩን በግማሽ ሲቀንሱት ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ መስመሩ እስኪታደስ ድረስ ቻርጀሩን 8 ወይም 10 አምፔር ላይ ያድርጉት። ከጀመረ አንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅ መዳፍ ይንኩት፤ ለብ ቢል ይሁን፣ እጅ ካላስቀመጠ ግን ያቁሙ። ፕላስቲኩ የጠቆረ ሶኬት አይጠገንም፣ ይቀየራል፤ ከጀርባው ያለው የተቃጠለ ሽቦም ተቆርጦ ንጹሁ ላይ ይታሰራል።

ለ16 አምፔር 4 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ እንመርጣለን። 7 ኪሎዋት፣ ማለትም 32 አምፔር ካሰቡ 6 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ 40 አምፔር ብሬከርና ግድግዳ ላይ የሚገጠም ቻርጀር ያስፈልጋል። በ6ቱ ሽቦ 20 ሜትር ርቀት ላይ የሚጠፋው 4 ቮልት ገደማ ነው፤ 40 ሜትር ከሆነ 8 ስለሚሆን ወደ 10 ሚሊሜትር ካሬ ይሂዱ። ከዚያ በፊት ቆጣሪዎ ይህን ጭነት መሸከሙን ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ማረጋገጥ ግድ ነው። ከኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ኤክስቴንሽን ወርውረው ለሚጠቀሙም አንድ ቃል፤ በጥቅልሉ እንዳለ የቀረ ኬብል ሙቀቱን አምቆ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፤ ሁሉንም ዘርጉት።

ለባትሪው ወዳሉት ስንመለስ፣ የሶኬቱ መጋል ባትሪውን አይጎዳም። 7 ኪሎዋትም ቢሆን ለመኪና ባትሪ ቀርፋፋ ቻርጅ ነው። «በ10 አምፔር ካልሆነ ባትሪው ያረጃል» የሚባለው ልክ አይደለም። ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ ሁሉ የመኪናው ኮምፒውተሮችና ፓምፖች ነቅተው ኤሌክትሪክ ስለሚበሉ፣ በጣም ቀርፋፋው ቻርጅ ብዙ ያባክናል።

ጥያቄ፦ የራይድ ሾፌር ነኝ፤ ሜክሲኮና ስታዲየም አካባቢ ነው የምሠራው። ቤቴ ቻርጅ ማድረጊያ የለውም። በቀን አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ ፈጣን ቻርጀር ላይ እሰካለሁ። ባትሪዬን እየገደልኩት ነው?

መልስ፦ አልገደሉትም። ፈጣን ቻርጅ ከቀርፋፋው ይልቅ ያሞቃል፣ ያስጨንቃልም፤ መኪናው ግን ባትሪውን እያቀዘቀዘ፣ ሙቀቱ ከበዛም ፍጥነቱን እየቀነሰ ራሱን ይከላከላል። የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ሾፌሩን ያግዘዋል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ባትሪ የሚወደው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ሙቀት እዚህ ያለ ድካም ይገኛል። በግምት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ቆሞ የማርጀቱ ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ የሚሠራ ሾፌር ይህ ዕድል የለውም።

ጥንቃቄው ያለው አሰካኩ ላይ ነው። 15 ወይም 20 ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ይስኩ፣ 80 ላይ ይንቀሉ። ከ80 በላይ ኮምፒውተሩ ኃይሉን ስለሚቀንስ የመጨረሻዎቹ 20 ፐርሰንቶች ከ20 እስከ 80 የወሰደውን ያህል ጊዜ ሊጠይቁ ይችላሉ። በዚያ ሰዓት ሁለት ደንበኛ ማድረስ ይቻላል፤ ከኋላ ተሰልፎ የሚጠብቀውም ባልደረባዎ ነው። በኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ፣ መኪናው ደጅ አድሮ ባትሪው 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ከእንቅልፍ እንደተነሳችሁ ወደ ፈጣን ቻርጀር አትሂዱ። በቀዝቃዛ ባትሪ ላይ ብዙ ኃይል ሲገፋ ሊቲየሙ ግራፋይቱ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ ይለጠፋል፤ የተለጠፈው ሁሉ ተመልሶ አይሠራም። መኪናው ይህን ለመከላከል ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ጊዜም ገንዘብም ይባክናል። የጠዋቱን ሥራ ሠርተው ባትሪው ከሞቀ በኋላ ይስኩ። መኪናዎ ኤልኤፍፒ ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ እስከ 100 ያድርሱት። ዘመድ ቤት ባለ ቀርፋፋ ቻርጀር ቢሆን የተሻለ ነው፤ ሴሎቹ ለመመጣጠን ጊዜ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ነኝ። ሌሊት መብራት ይሄዳል ይመጣል። ቻርጅ እየተደረገ ሲቋረጥ ባትሪው ይበላሻል? ስታቢላይዘር ልግዛ?

መልስ፦ መቋረጡ ባትሪውን ምንም አያደርገውም። ቻርጀሩ ከባትሪው በፊት ያለ በር ነው፤ መብራት ሲሄድ በሩ ይዘጋል። የሚያሰጋው ሲመለስ የሚመጣው የቮልት ዝላይ ነው፤ እርሱም የሚመታው መኪናው ውስጥ ያለውን ቻርጀር እንጂ ሴሎቹን አይደለም። ያ ዕቃ ግን ውድ ነው፤ አዲስ አበባም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ገንዘብዎን ማከፋፈያ ሳጥኑ ላይ በሚገጠም የዝላይ መከላከያና ቮልት ሲወጣም ሲወርድም ቆርጦ ከደቂቃዎች በኋላ በሚመልስ መቆጣጠሪያ ላይ ያውሉት። ገበያ ላይ ያሉት ተራ ስታቢላይዘሮች ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን የተሠሩ ናቸው፤ 3.5 ኪሎዋት ሌሊቱን ሙሉ ሲጎተትባቸው ራሳቸው ይቃጠላሉ። በግቢው ውስጥ ምሽት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሁሉም ምድጃ ላይ ስለሆነ ቮልቱ ይወርዳል፤ ቻርጁን ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ያድርጉት።

ጥያቄ፦ «ባትሪውን ጨርሰህ ካላወረድክ አትሰካው፣ ይለምዳል» ይሉኛል። እውነት ነው? (ከልደታ)

መልስ፦ ለሊቲየም ባትሪ እውነት አይደለም። ያ ምክር የመጣው ከድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ነው። ለመኪናዎ ከ70 ወደ 50 ወርዶ መልሶ 70 መግባት ከ90 ወደ 10 ከመውረድ በጣም ይሻላል። በየቀኑ ይስኩት። በተለይ ከ10 በታች አውርዶ ማሳደር መጥፎ ልማድ ነው፤ ቆሞም ቢሆን ጥቂት ይበላልና።

ጥያቄ፦ ሰንጋ ተራ አካባቢ አንድ ያገለገለ መኪና ላይ ቀብድ ልከፍል ነው። ሻጩ «ባትሪው 98 ፐርሰንት ጤና አለው» ብሎ በስልኩ አሳየኝ። እንዴት አረጋግጣለሁ?

መልስ፦ ያ ቁጥር የመኪናው ኮምፒውተር ግምት ነው፤ መነሻ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ዳሽቦርዱ ላይ በሚታየው ኪሎሜትርም አይሸወዱ። ብዙ የቻይና መኪኖች ፐርሰንቱን በቻይና የሙከራ ደንብ ከተገኘው ርቀት ጋር አባዝተው ነው የሚያሳዩት። ትልቁ ሲጋል ሲሞላ 405 ይላል፤ በ100 ኪሎሜትር 12 ኪሎዋት ሰዓት ከበላ ግን እውነቱ 324 ነው። የደከመ ባትሪም 405 ሊል ይችላል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሚያስፈልገው አንድ ግማሽ ቀንና አንድ ፈጣን ቻርጀር ነው። ኤልኤፍፒ ከሆነ በመጀመሪያ ሻጩ ከቀደመው ሌሊት ጀምሮ 100 እንዲሞላው ይጠይቁ፤ ካልሆነ የሚያዩት ፐርሰንት ራሱ የተዛባ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አብራችሁ ነድታችሁ ወደ 20 አውርዱት፤ ይህ ለፍሬኑም ለመሪውም ጥሩ ፍተሻ ነው። ቻርጀሩ ላይ ሰክተው መነሻውንና መድረሻውን ፐርሰንት፣ የቻርጀሩ ስክሪን የሚያሳየውን ኪሎዋት ሰዓትም ይመዝግቡ። እንበልና 38.88 ኪሎዋት ሰዓት የነበረ ባትሪ ከ20 ወደ 90 ሲሄድ ቻርጀሩ 23.5 ሰጥቷል። ለማቀዝቀዣና ለብክነት 5 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሱ፤ 22.3 ይቀራል። ይህ የባትሪው 70 ፐርሰንት ስለሆነ ለ0.7 ሲያካፍሉት 32 ገደማ ይመጣል። 32 ከ38.88 ስንት ነው? 82 ፐርሰንት። ሻጩ ያሳየው 98 ነበር። አንድ ሁለት ፐርሰንት ልዩነት የልኬት ስህተት ነው፤ አሥራ ስድስት ግን መደራደሪያ ነው፣ ወይም ትቶ መሄጃ።

ሁለተኛው ፍተሻ ከመሪው በታች ባለው የመመርመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ነው። የሚፈልጉት በከፍተኛውና በዝቅተኛው ሴል መካከል ያለውን የቮልት ልዩነት ነው። መኪናው ቆሞ ካረፈ በኋላ ኤንኤምሲ ላይ እስከ 20 ሚሊቮልት ጤነኛ ነው፤ 50 ካለፈ ምክንያቱ ይጠየቅ፤ 100 ከደረሰ አንድ ደካማ ሴል አለ ማለት ነው። ያ አንዱ ሴል የቀሩትን ሁሉ ይዞ ያስቆማል። ኤልኤፍፒን ግን 50 ፐርሰንት ላይ አይለኩት። ቮልቱ እዚያ ጠፍጣፋ ስለሆነ የታመመውም ጤነኛውም አንድ ይመስላሉ። ከ15 ፐርሰንት በታች ወይም ሙሉ ሲሆን ነው እውነቱ የሚወጣው። የሚያሳዩዎት መካኒኮች ይህን ቢያልፉት እርስዎ አይለፉት።

መኪናው ዜሮ ኪሎሜትር ቢሆንም የተሠራበትን ወር ይመልከቱ። ከፋብሪካ ወጥቶ በጅቡቲ ሙቀት ውስጥ የሰነበተ፣ ከዚያም በጉምሩክ መጋዘን ወራት የቆመ «አዲስ» መኪና ሊሆን ይችላል። ባዶ ሆኖ የቆመ ከሆነ ይበልጥ ያስፈራል፤ የኤልኤፍፒ ሴል ቮልቱ ከመጠን በላይ ወርዶ ሲቆይ ውስጡ ያለው የመዳብ ስስ ወረቀት መሟሟት ይጀምራል። እንደገና ሲሞላ መዳቡ በማይፈለግበት ቦታ ተሰብስቦ ሴሉን ከውስጥ ሊያገናኘው ይችላል። «ባትሪው ሞቶ ነበር፣ አስነሳነው» የተባለ መኪና በቅናሽም አይግዙ።

በደህና የተያዘ ባትሪ በዓመት ምን ያህል ይቀንሳል? የተሽከርካሪ መረጃ የሚሰበስበው ጂኦታብ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ትንተና በአማካይ በዓመት 1.8 ፐርሰንት ብሏል። በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ በላይ መውረድ የተለመደ ነው፤ በኋላ ይረጋጋል። ስለዚህ የሦስት ዓመት መኪና 93 ወይም 94 ቢያሳይ አይደንግጡ። ጥገናውንም ያስቡበት፤ አይዲ 4 ባትሪው በሞጁል (በተለያዩ የሴል ስብስቦች) የተከፈለ ስለሆነ አንዱን ሞጁል መቀየር ይቻላል፤ ብሌድ ባትሪ ግን ሴሎቹ በማጣበቂያ የተያያዙ በመሆናቸው አንዱን ነጥሎ ማውጣት ከባድ ነው። የፋብሪካ ዋስትና ደግሞ በአብዛኛው መኪናው በተሸጠበት አገር ብቻ ስለሚሠራ፣ በግል አስመጪ የገባ መኪና ላይ «የስምንት ዓመት ዋስትና አለው» ከተባሉ እዚህ አዲስ አበባ ማን እንደሚፈጽመው በጽሑፍ ይቀበሉ።

ጥያቄ፦ ከሽሮ ሜዳ በላይ ነው ቤቴ፤ ሥራዬ ስድስት ኪሎ። ጠዋት ሞልቼ ስወጣ ነዳጅ መስጫውን ስለቅ መኪናዬ እንደ ወትሮው አይዝልኝም። ፍሬኔ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም እኅታችን። ነዳጅ መስጫውን ሲለቁ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተቀይሮ ባትሪውን ሲሞላ ነው። ባትሪው 100 ሲሆን የሚያስቀምጥበት ስለሌለው መያዙን ይተዋል፤ ሥራው ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይለቅቃል፤ ከዚያ ውስጥ ወደ ሁለት ሦስተኛው ወደ ባትሪው መመለስ ይችላል። እርስዎ ያንን በየጠዋቱ በፍሬን ሙቀት ያቃጥሉታል። በዳገት አናት ለሚኖር ሰው 80 ወይም 85 ላይ ማቆም ለባትሪውም ለሸራውም ጥሩ ነው። መኪናዎ ኤልኤፍፒ ከሆነ የሳምንቱን 100 ሙላት ከተማ ውስጥ፣ ታች ባለ ቻርጀር ያድርጉት። ወደ ጎጃም ሲወጡ ደግሞ የዓባይ በረሃን በሞላ ባትሪ አይጀምሩት፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሸራው ሊግል ይችላል፤ 80 ላይ ሆነው ቢገቡ ቁልቁለቱ ራሱ ይሞላልዎታል።

ጥያቄ፦ ለሦስት ወር ወደ ውጭ አገር ልሄድ ነው። መኪናዋን ኡራኤል ግቢ ውስጥ እንዴት ትቻት ልሂድ? «ተሰክታ ትቆይ» ያሉኝ አሉ።

መልስ፦ ተሰክታ አትቆይ። 50 ፐርሰንት አካባቢ አድርገው፣ ጥላ ሥር፣ ከሶኬት ነቅለው ያቁሟት። ከስልክ ጋር የሚያገናኛትን መተግበሪያ፣ ቆማ የምትቀርጽበትን ካሜራና የመሳሰለውን ሁሉ ያጥፉ፤ እነዚህ እንዳትተኛ ያደርጓታል። ትልቁ ባትሪ በደንብ ከተኛ በወር ጥቂት ፐርሰንት ብቻ ነው የሚወርደው።

የሚሞተው ትንሹ፣ 12 ቮልቱ ነው። እርሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ግማሽ ሙሉ ሆኖም መኪናዋ አትከፈትም፣ አትነሳም። አንዳንድ መኪኖች ትልቁን ባትሪ ተጠቅመው 12 ቮልቱን ራሳቸው ይሞላሉ፤ መመሪያው ይህን ካላለ የኔጌቲቩን ገመድ አውልቀው፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልለው ይተዉት። ከዚያ በፊት ግን በቁልፉ መያዣ ውስጥ የተደበቀውን የብረት ቁልፍ አውጥተው በሩን መክፈቱን ይሞክሩ፤ ገመዱ ከወለቀ በኋላ በርቀት መክፈቻው አይሠራም። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ወፋፍራም ኬብሎች ግን እርስዎም ሆኑ የሰፈር መካኒክ አትንኩ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚሄድባቸው እነርሱ ናቸው።

የብረት ቁልፉን ከነመያዣው ለሚያምኑት ዘመድ ይስጡ። በወር አንዴ ገመዱን መልሶ አስሮ ፐርሰንቱን ይይ፤ ከ30 በታች ከወረደ እስከ 50 ይሙላና ነቅሎ ይተዋት። ሲመለሱ፣ ኤልኤፍፒ ከሆነች፣ የመጀመሪያው ሌሊት 100 ይሙሏት፤ እስከዚያ ድረስ ዳሽቦርዱ የሚለውን ፐርሰንት አምነው ሩቅ አይውጡ።